የሚወድቀው ፈረሰኛ

ደብረ ሲና፣ ከመናኸሪያው በላይ፣ ጉሙ ከጣርማ በር ሲወርድ ማለዳ፣
ጋሽ ጓንጉል ሰዓት ይጠግናል፣ ግማሹን በፍቅር፣ ግማሹን በዕዳ።
ሱቁ ሁለት ክንድ ነው ስፋቱ፤ ከሦስት ሰው በላይ አያስቆምም፤
መስኮቱ ላይ ሃያ ሰዓት አለ፤ ሁለቱ እንኳ አይስማሙም።

እኔ ባትሪ ቀያሪ፣ ማሰሪያ ቆራጭ፣ ተላላኪ፤
አንድ ቀን ከመደርደሪያው ሥር ጣሳ አውጥቶ፣ «እጅሽን ታጠቢና ንኪ።»
በጣሳው ውስጥ የኑግ ዘይት፤ በዘይቱ ውስጥ ጥቋቁር ነገር፤
የባቄላ ክክ መስሎኝ ነበር፣ እስኪያወጣው፣ እስኪናገር።

«ዱሮ፣ ከአሰብ የመጣ መርከበኛ፣ ሰዓቱ ውሃ ጠጥታ፣
የማስጠገኛ ብር ቢያጣ፣ ይኼን ከረጢት ለኔ ፈታ።
የሮም ገንዘብ ነው፤ ወደ ማታዋ፣ ጀንበሯ ስታዘቀዝቅ የተመታ።
ወርቅ አይደለም፣ አይዞሽ፤ መዳብ ነው፤ ሽንኩርት የገዛ በገበያ፣
የወታደር ኪስ ያሞቀ፣ የመሸታ ቤት ዕዳ መክፈያ።»

አያስቸኩልም ይህ ሥራ፤ በአሲድ ካጠቡት ፊቱ ይሄዳል፤
ሦስት ወር በዘይት ይተኛል፤ ከዚያ በአጋም እሾህ ይፋቃል፤
መጀመሪያ ጆሮ፣ ቀጥሎ አገጭ፣ ቀጥሎ የዕንቁ ዘውድ፣
ከሺህ ስድስት መቶ ዓመት ዝቃጭ፣ ንጉሥ ቀስ ብሎ ሲወለድ።

«ከሥር ያለችው ደቃቅ ፊደል የተመታበት ከተማ ናት፤
አንጾኪያ ትላለች ይቺ፣ መነጽሬን ሳስጠጋት።»
«አንጾኪያ?» አልኩ፤ «የኛዋ፣ እነ አክስቴ ያሉባት?»
«ሞክሼዋ ናት፣ ባሕር ማዶ፤ ስም ብቻ ነው ያጋራት።»

የመጀመሪያዬን ስፍቅ ፈረስ ወጣ፤ ጦር ወጣ።
«ቅዱስ ጊዮርጊስ!» ብዬ ጮህኩ፤ ጎረቤት ሰምቶ መጣ።
ጋሽ ጓንጉል ሳቀ፤ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አውርዶ፣
«ደግመሽ እዪ፤ ጦር የያዘው እግረኛው ነው፤ ፈረሰኛው ነው የሚሞተው፣ እጁን ወደ ኋላ ሰዶ።
ጉድ ስሚ ደግሞ፣ ዙሪያውን የተጻፈው ምን እንደሚል፤
‹ደጉ ዘመን ተመለሰ›፤ ከሥሩ ሰው በጦር ሲገደል።»

ሳይሰጥ ማደር አይሆንለትም።
ለመምህር አጥናፍሰገድ፣ ተማሪ እንዲያሳይበት፣ አምስት፤
ለቆሎ ሻጯ ለይልፋሸዋ፣ የንግሥት መልክ ያለባት።
ሹፌሩ ሐሚዱ የራሱን በስቶ የመኪና ቁልፉ ላይ አንጠለጠለ፤
ጋሽ ጓንጉል ሁለት ቀን አኩርፎ፣ በሦስተኛው ሌላ ሰጠው፤ «እቺን አትብሳ» አለ።

ከዚያ ያ ኅዳር መጣ። ከታች፣ ከሸዋ ሮቢት በኩል መድፍ ሲሰማ፣
መንገዱ በሰው ጎረፈ፤ ፍራሽ፣ ፍየል፣ ሕፃን፤ ወደ ላይ፣ ወደ ዋሻው፣ በጨለማ።
እሱ አካፋ ይፈልጋል! ከጓሮ፣ ከኮሽሙ ሥር ቆፍሮ፣
ጣሳውን ቀበረው፣ አፉን በፌስታል አሥሮ።

መንገዱን ሙሉ ዝም አለ። ደብረ ብርሃን፣ በትምህርት ቤት ወለል ላይ፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣
በእኩለ ሌሊት ቀሰቀሰኝ፤ ድምፁ እንደ ሕፃን ድምፅ ነበር።
«ገባኝ አሁን፣ ይሄ ገንዘብ ለምን እኛ ዘንድ እንደደረሰ፤
ቀብሮት የሄደ ሰው ነበረ፤ ቀብሮት ያልተመለሰ።»

እኛ ተመለስን፣ በጥር። መስኮቱ ተሰብሯል፤ ከሃያው ሰዓት አንድም የለም፤
ኮሽሙ ግን ቆሟል፤ ጣሳውም አለ፤ ዘይቱ እንኳ አልፈሰሰም።
አልፋቀም ያን ቀን፤ ቆጠርነው፤ መቶ ሰባት።
መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ለወጪ ወራጁ አደለው፣ በሳቅ፣ በምርቃት።
«መቶ ኪስ ይሻላል ከአንድ ጉድጓድ፤ ዘራፊ መቶ ቤት ይፈትሽ!
ያንቺ ይኸውና፤ ያ ፈረሰኛ፤ መርጬ ያስቀመጥኩልሽ።»

ባለፈው ከሳንቲም ጋር ተቀላቅሎ፣ ለባጃጅ ሰጠሁት ሳላውቅ፤
ልጁ አገላብጦ፣ «እህቴ፣ ይሄ አይሠራም» ብሎ መለሰልኝ፣ ሲስቅ።
«ሠርቶ ነበር» አልኩት።
አየሁት፦ አሁንም እጁን ወደ ኋላ ሰዶ፣
ከፈረሱ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ፣
አልጨረሰም ገና ወርዶ።